በአንድ ትንፋሽ

ዊን ፓርጂተር መስመር ስታሰምር ማንም አያናግራትም። በርሚንግሃም በነበረው የሞተር ብስክሌት ፋብሪካችን ይህን ከዘበኛው እስከ ባለቤቱ ሁሉም ያውቃል። እኔ ከጎኗ ቆሜ የቤንዚን ሰልባትዮዎቹን ጥቁር ቀለም እረጫለሁ፤ ሲደርቅ እሷ በግራና በቀኝ ጎኑ ወርቃማውን መስመር በእጇ ታሰምርበታለች። ማስመሪያ የለ፣ ምልክት የለ። ትንፋሿን ትይዝና ከፊት ጀምራ እስከ ኋላ ትወስደዋለች፤ ስትተነፍስ ብሩሹ ይነሳል። እዚያች ላይ መስመሩ ወፈር ይልና ወደ ላይ ቀጥኖ ያልቃል። እኛ "ጭራ" እንላታለን።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራች። ያኔ የኛ ሞተር ያልደረሰበት አገር አልነበረም፤ እኛም በከተማው ደረታችንን ነፍተን ነበር የምንሄደው። እሁድ እሁድ ዊን ከባሏ ሞተር ጎን በተገጠመው መቀመጫ ላይ ጉብ ብላ ወደ ባሕር ስትወርድ፣ የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ "ያ የኔ ነው፣ ያም የኔ ነው" ትላለች።

"መንገዱስ የማን ነው?" ይላታል ባሏ።

"መንገዱን ላንተ ትቼልሃለሁ።"

በፈረንጆቹ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሚስተር ሌቨሪጅ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከለንደን መጣ። ከኪሱ መለኪያ አይለይም። አንድ ቀን የዊንን መስመር ለካና አንገቱን ነቀነቀ።

"ሚስስ ፓርጂተር፣ መጨረሻው ላይ ይወፍራል።"

"አውቃለሁ ጌታዬ። እዚያ ላይ እተነፍሳለሁ።"

"እንግዲያው አይተንፍሱ።"

እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ ዊን አልሳቀችም። ብዙም ሳይቆይ በማሽን የታተመ ተለጣፊ መስመር በካርቶን መጣ። ዊን ዕቃ ማሸግ ክፍል ተመደበች። ብሩሿን አጥባ፣ እንዳይደርቅ የአሳማ ስብ ቀብታ፣ በጨርቅ ጠቀለለችው።

"ማሸግም ሥራ ነው" አለችኝ። ምሳዋን ግን አልነካችም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

በወሩ ጋርበት የሚባል የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ከዮርክሻየር አሥራ ሁለት ሞተር ሊረከብ መጣ። ጓንቱን አወለቀና አውራ ጣቱን በመስመሩ ላይ እስከ ጫፍ ወሰደው።

"ጭራው የታለ?"

"አሁን እኮ ይበልጥ ቀጥ ብሏል" አለ ሌቨሪጅ።

"ቀጥ ማለቱን አይቻለሁ። ጭራው የታለ ነው የምልህ። ስምንት ዓመት የነዳሁት ሞተር ጭራ አለው። የማንን ዕቃ ነው የኛ ነው ብላችሁ የምትሰጡኝ? ማክሰኞ እመለሳለሁ።"

ሌቨሪጅ ማሸጊያ ክፍል ድረስ ራሱ ወረደ።

"ሚስስ ፓርጂተር፣ ጫፉ ላይ ጭራዋን ብቻ ቢጨምሩልን?"

"ጭራ ለብቻው አይቀጠልም፣ ጌታዬ። ከመስመሩ ነው የሚወጣው።"

አሥራ ሁለቱም ሰልባትዮዎች ተላጡ፤ እኔም እየዘፈንኩ እንደገና ቀለም ረጨኋቸው። ዊን ከብሩሿ ላይ ስቡን ጠርጋ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ሥራ ቆመ፤ ፎርማኑ እንኳ ሻዩን እንደያዘ መጣ። ሌቨሪጅ ከትከሻዋ ጎን ቆመ።

ትንፋሿን ያዘች። ብሩሹ ሄደ። መሐል ላይ ሲደርስ ቀና ብል ሌቨሪጅ ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ እሱም ትንፋሹን ይዟል። መስመሩ ጫፍ ደረሰ፣ ጭራዋ ወጣች፣ ብሩሹ ተነሳ።

ዊን ዓይኗን ከሰልባትዮው ሳትነቅል፣ "ይተንፍሱ እንጂ ጌታዬ" አለችው፤ "ገና ሃያ ሦስት ጎን ይቀረናል።"