ጢሞ ውሃ እስኪጠጣ

ልጅ እያለሁ ከቤታችን ሁሉ ሸጋ ጢም የነበረው ውሻችን ነበር። አባቴ እንኳን አገጩ ላይ እፍኝ የማትሞላ ጸጉር ይዞ ነው የኖረው። ውሻው ቴሪየር የሚሉት የፈረንጅ ዘር ነው፤ ጓሯችን ያለችውን ክፍል ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረች ፈረንጅ ወደ አገሯ ስትመለስ ለእናቴ ትታላት ሄደች። እሷ የምትጠራበትን ስም ምላሳችን እምቢ ቢለው ጢሞ አልነው። ከድመት እምብዛም አይበልጥም፤ ጸጉሩ እንደ ጆንያ ይሻክራል፤ ጉድጓድ ካየ ግን ገብቶ ሳያየው አያልፍም። አይጥ ሲይዝ ማጅራቷን ነክሶ ሲያርገፈግፋት የሰፈሩ ድመቶች ሳይቀሩ ቆመው ያዩታል።

ፈረንጇ ስትሄድ አደራ ያለችን በየሳምንቱ በሳሙና እንድናጥበውና ጸጉሩን እንድናበጥርለት ነበር። እኛ በነበርንበት በጎንደር ቀሐ ሰፈር ይህ ነገር ጉድ ተባለ። ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ በቃ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ «የእኔን ልጆችም አንድ ቀን አምጥቼ ከእሱ ጋር ታጥቡልኛላችሁ» እያሉ ይስቁብን ነበር። እናቴ ግን አደራ የምትበላ ሴት አልነበረችምና ማጠቡን ለእኔ ሰጠችኝ። የልብስ ሳሙናና የረጠበ የውሻ ጸጉር ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ ነው። ጢሞ በበኩሉ ከሳፋው ይልቅ ሞቱን ይመርጥ ነበር።

በዚያን ሰሞን ከወለቃ መንደር በኩል የመጣ አንድ ቀይ ውሻ ለሃጩን እያዝረከረከ ሰፈራችንን አመሰው። ፍየል ነከሰ፣ አህያ ነከሰ፤ በራችን ላይ ደግሞ ጢሞ ላይ ዘሎበት አብረው ሲንከባለሉ ሰው ሁሉ አየ። ውሻውን ቀሐ ወንዝ ዳር ተረባርበው ገደሉት። ጢሞን ብናገላብጠው ጭረት አላገኘንበትም፤ ግን በዚያ ጸጉር ውስጥ ምን ይታያል? ከዚያ ወዲያ ሰው በእሱ በኩል ሲያልፍ ነጠላውን ሰብሰብ ማድረግ ጀመረ። እኔም ልዋሽ አልችልም፣ ፈራሁት። ትምህርት ቤት የሚወራው ሌላ አልነበረም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው እንደ ውሻ ይጮኻል፤ ውሃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ ሽንቱ ውስጥ ቡችላ ይታያል። ወንዝ የተሻገረ እንደሆነማ አለቀለት፣ በሽታው ያኔውኑ ይነሳበታል ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ትልልቆቹም ያምኑት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዴ ጢሞን ሳፋው ውስጥ አስገብቼ ፊቱን በሳሙና አሸሁት። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከእጄ ሾልኮ ሲወጣ ጢሙ በነጭ አረፋ ተሞልቶ ነበር፤ ሳሙናው አፉ ገብቶበት ምላሱን እያወጣ፣ ራሱን እያራገፈ መንገድ ለመንገድ ሮጠ። ያን ሰሞን አረፋ የደፈቀ ውሻ ያየ ሰው ምን ሊል ይችላል? «ይኸው አበደ፣ ልጆቻችሁን ያዙ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ገቡ፣ ወንዶች ዱላ ይዘው ወጡ። ድንጋይ ሲወርድበት መንገዱ ስር ያለው የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ተወሸቀ።

እኔ እየሮጥኩ ደርሼ በደረቴ ተኛሁና እጄን ወደ ቱቦው ሰደድኩ። የእኔ እጅ መሆኑን በምን ይወቅ? ነከሰኝ። ሕመሙ አልተሰማኝም፤ የተሰማኝ ፍርሃቱ ነው። ያም ሆኖ ጎትቼ አወጣሁትና ታቀፍኩት፤ የሚደማውን እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩ። ደሙን ካዩ ጢሞ እንዳለቀለት ገብቶኛል።

«ዞር በይ ልጄ» አለኝ አያ ቢምረው። የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ቀዩን ውሻ መትቶ የጣለውም እሱ ነበር።

«አያ፣ ሳሙና ነው። እያጠብኩት ነው ያመለጠኝ።»

ቆሞ አየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እንግዲያው ውሃ አምጡለት» አለ። ያበደ ውሻ ውሃ እንደሚሸሽ ማን ያጣዋል? እትዬ ብርቄ በጣሳ ውሃ ይዘው መጡና ከሩቅ አስቀመጡለት። አያ ቢምረው ጣሳውን በዱላው ገፋ አድርጎ አስጠጋው። እኔ በልቤ ጠጣ፣ ጠጣ እያልኩ ነው። ጢሞ ግን አሁን ከሳፋ ያመለጠ ውሻ ነው፤ ውሃውን ሲያይ ሁለተኛ ሊያጥቡት የመጡ መስሎት ጥርሱን አሳይቶ ብብቴ ስር ገባ። «አያችሁ» አለ አያ ቢምረው፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ። ከጩኸቱ ሁሉ የባሰ ያስፈራኝ እሱ ነበር።

እናቴ የደረሰችው ይኼኔ ነው። ጎንበስ ብላ የጢሞን አገጭ አሸተተችና «የእኔው ሳሙና ነው» አለች። ቀጥላ ቀሚሴን አየች። ደሙ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር አሁን እናት ሆኜ ነው የገባኝ። ጢሞን በገመድ ከበራችን ቋሚ ጋር አሰረችና አያ ቢምረውን «እስክመለስ እንዳትነካው» አለችው። እሱ ግን ዱላውን አላስቀመጠም።

ጤና ጣቢያው ከቀሐ ወንዝ ማዶ ነው። ሴቶቹ «ምነው ወንዝ ታሻግሪያታለሽ? መጀመሪያ የባህል መድኃኒተኛው ይያት» ብለው ተከተሉን። እናቴ ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። የወንዙን ነገር እሷም ታምንበታለች። ወዲያው ቁጢጥ አለችና «ነይ ልዘልሽ» አለችኝ። ስታዝለኝ እግሬ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው ትልቅ ልጅ ነበርኩ። «ዓይንሽን ጨፍኚ። የምሻገረው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።» ጨፈንኩ። ከስር ውሃው ይሰማኛል፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ይኼ ከፍርሃት ነው ወይስ በሽታው ጀመረኝ እያልኩ በእናቴ ጀርባ ላይ ለቅሶዬን ዋጥኩ።

ጤና ጣቢያ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግመው አጠቡልኝ፤ ሆድ ላይ የሚወጋውን የእብድ ውሻ መርፌም ጀመሩልኝ። የወጋኝ ሰውዬ «ውሻውን ገደላችሁት?» ሲል ጠየቀ።

«እስክወጣ ድረስ አልሞተም» አለች እናቴ።

«እንዳትነኩት። መርፌዋን ትጨርስ። ውሻው ዐሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ልጅሽ ሰላም ናት። ከገደላችሁት ግን በምን እናውቃለን?»

ስንመለስም አዝላኝ ነው የተሻገረችው፣ በሩጫ። በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወደ መሬት ያያል። ገደሉት አልኩ። የሞተው ጢሞ ብቻ ሳይሆን እኔም ጭምር መሰለኝ። ሰው ገለል ሲልልን አያ ቢምረው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ዱላው ጭኑ ላይ ነው። ጢሞ እግሩ ስር ተጋድሟል፤ ጢሙ ደርቆ ቆሟል፤ ጣሳው ባዶ ነው።

«ጠጣ» አለ አያ ቢምረው። «ፀሐይ ሲበረታበት ጠማው። ጨርሶ ጠጣ።»

እናቴ የጤና ጣቢያውን ቃል ስትነግራቸው ያ ለመግደል የወጣ ሰፈር የጢሞ አስታማሚ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ዓይኔን መግለጥ እፈራ ነበር፤ ጢሞ ሞቶ የማገኘው ይመስለኛል። ከመግለጤ በፊት ግን ከአጥሩ ውጭ «ጢሞ እንዴት አደረ?» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን የሚጠይቁት ከእሱ ቀጥለው ነው። እትዬ ብርቄ አጥንት ያመጡለታል። አያ ቢምረው ከዘበኝነቱ ሲወጣ ቤቱ ሳይገባ እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ውሃ ያቀርብለታል፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ቆሞ ያይና ወደ እኔ ዞሮ «በይ ደህና ነሽ» ብሎኝ ይሄዳል። ያቺን ቃል ሳልሰማ ቁርስ አልበላም ነበር። ዐሥሩ ቀን አለፈ፤ ጢሞም አርጅቶ ነው የሞተው።

ዛሬ እዚያው ጎንደር፣ ከከተማው ዳር በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች እኖራለሁ። አምና ልጄን የመንገድ ቡችላ ቧጠጣት። በባጃጅ ወስጃት ክትባቱ ተጀመረላት፤ መርፌው ክንድ ላይ ነው፣ አላለቀሰችም፤ ወንዝ ተሻገርኩ አልተሻገርኩ የሚል ሐሳብም ጭራሽ አልመጣባትም። እንደ እኔ ባለመፍራቷ ተመስገን አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሰው እንደሚጠብቅ በሩን ስታይ አገኘኋት። ከአጥሩ ውጭ ማንም አልነበረም፤ ግራ ቀኝ ያሉት የብረት በሮች ተዘግተዋል፣ የጎረቤቶቼን ስም እንኳን አላውቅም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁና የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ። «እንዴት አደረች ልጅቱ?» አልኩ። ከውስጥ በኩል «ደህና ነኝ፣ ግቢ» አለችኝ።