ቀስት የምትስለው መምህርት

መዳፏ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው፤ ሰሌዳውን በጨርቅ ለመጥረግ ትዕግሥት የላትም። የንግድ ሥራ ተማሪዎችን ኢአርፒ የሚሉትን ታስተምራለች፤ የአንድ ድርጅት ክፍሎች በሙሉ አንድ መዝገብ በየኮምፒውተራቸው የሚያዩበትን ሥርዓት ማለት ነው። ሣጥን ትስላለች፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን ቀስት ትሰዳለች። ቀስቱ ሲያምርላት ራቅ ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች። እኔ በስተርጅናዬ ትምህርት ጀምሬ ከኋላ ወንበር የምታዘባት ሽማግሌ እንደማየው ከሆነ፣ የሰው ልጅ ጣጣ ሁሉ ቀስት ከማጣት የመጣ ይመስላታል።

ዛሬ የቡድን ፈተና ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ የድርጅቱን አንድ ክፍል ሆኖ ይሠራል። ሽያጭ ክፍል የሆነችው ተማሪና መጋዘን የሆነው ተማሪ ግን ትናንት ተጣልተው ሆድና ጀርባ ሆነዋል። ዕቃው ከመጋዘን ካልወጣ ቡድኑ በሙሉ ይወድቃል።

«ቲቸር፣ ዕቃውን እንዲለቅ ይንገሩልኝ» አለች ሽያጭ።

«መጀመሪያ ይቅርታ ትጠይቀኝ ይበሉልኝ» አለ መጋዘን፣ ግድግዳውን እያየ።

ያቺ ቀልድ የማያልቅባት መምህርት ድንገት ቀልዱ ጠፋባት። ማርከሩን ከደነችው።

«እኔ አልላክም። አባቴና እናቴ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው፣ ‹ጨው እንድታቀብለኝ ንገሪያት›፣ ‹እጁ አይደርስም ወይ በይው› ሲባባሉ በመሃል ያደግሁ ነኝ። ተልኬ ጨርሻለሁ።»

መጋዘን ቀስ ብሎ ከግድግዳው ዞረ።

«ስንት ካርቶን ነበር ያልሽው?»

«ጽፌልሃለሁ እኮ! ዓይን የለህም?»

መምህርቷ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እሰይ!» አለች። «ተሰዳደቡ፤ ብቻ በቀጥታ ይሁን።»