ላሚኔት የተደረገችው ዐሥር ዶላር

ታላቅ ወንድሜ ግትር ነው። ጋሼ እያልኩ ስለማከብረው እንጂ ከዚህም የባሰ ቃል ነበረኝ። ኮሮና ገብቶ የተሰደድንበት አገር በተዘጋበት ሰሞን፣ ዛንድስፕሩት በሚባለው የድሆች ሰፈር ያለውን ስፓዛውን፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሸቀጥ ሱቁን፣ ሌቦች ሰብረው ገቡና ከዱቄቱ እስከ ፍሪጁ ጠራርገው ወሰዱበት። እሱም ሜይፌር ሰፈር እኔ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። ሱቁን መልሶ ለመክፈት ፍሪጅ የግድ ነው፤ ቀዝቃዛ መጠጥ የሌለበት ስፓዛ ደንበኛ ዞር ብሎም አያየውም። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እናዋጣልህ ቢሉት፣ እጅ እግር ያለኝ ሰው ነኝ ብሎ አሳፈራቸው። እኔ በንዴት በገንኩ።

የቀረችን የአባታችን ዐሥር ዶላር ነበረች። አባታችን ሆሳዕና አካባቢ የሚሲዮን ዘበኛ ነበር። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ያስጨበጠውን፣ ለክፉ ቀን ብሎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አኖረና በኋላ ለጋሼ ሰጠው።

ሥራ ስላልነበረን ስልክ ላይ ተጥደን የድሮ ዶላር ተመራማሪ ሆንን። የተለመደው ዐሥር ዶላር ማኅተሙ አረንጓዴ ነው፤ የኛዋ ቢጫ ሆና ተገኘች። ቢጫው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሜን አፍሪካ ለዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች የታተመ ነው አሉ፤ ጠላት እጅ ከገባ በቀለሙ ለይተው ዋጋ ቢስ ሊያደርጉት። ከቁጥሯ ጎን ደግሞ ትንሽ ኮከብ አለች። ኮከብ ያለበት፣ ሲታተም በተበላሸ ኖት ምትክ የወጣ ነው፤ እንዲህ ያለው እንደ ልብ አይገኝም። ጋሼ ኮከቧን ባየ ቁጥር ፍሪጁ ይታየው ጀመር። ባለ ሁለት በር ካልሆነ አልገዛም እስከማለት ደረሰ።

ገደቡ ላላ ሲል ማስካችንን አጥልቀን የድሮ ገንዘብ ወደሚገዛ ሽማግሌ ነጭ ሱቅ ሄድን። ሰውዬው በማጉያ መነጽር ማኅተሟን አየ፣ ኮከቧን አየ፣ ዐይኑ በራ። ጠርዟን ሲዳስስ ግን ቀና ብሎ አየን።

«ላሚኔት ያደረጋት ማን ነው?»

ጋሼ በኩራት እኔ ነኝ አለ። እዚህ አገር የኛ ሰው ቀድሞ የሚማረው ይኼንን ነው። የጥገኝነት ወረቀት ኪስ ውስጥ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይበጣጠሳል፣ ያለ ወረቀት ደግሞ ፖሊስ ፊት አይቆምም። ጋሼ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ቤት በፕላስቲክ ሲያሳሽግ፣ የአባቱንም ዐሥር ዶላር በዚያው የጋለ ማሽን አሳልፏት ኖሯል። ሰውዬው ሰብሳቢዎች ያልተነካ ኖት ብቻ እንደሚፈልጉ፣ ፕላስቲኩ ቢላጥ ወረቀቱም አብሮ እንደሚቀደድ ከልቡ አዝኖ አስረዳን። ባትታሸግ ኖሮ ጥሩ ፍሪጅ ትገዛላችሁ ነበር አለ።

ታክሲ ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ዐይኑን ሲጠርግ አየሁና አንጀቴን በላው።

በኛ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሲያስፈልግ ጨረታ ይወጣል። አንዱ ዶሮ ያመጣል፤ ያሸነፈው ከፍሎ ዶሮዋን መልሶ ለጨረታ ይሰጣል፣ እንዲህ እየተባለ አንዲት ዶሮ ጣሪያ ታለብሳለች። እኔም ለመጋቢያችን ደወልኩላቸው። እሑድ በስልክ ስንሰበሰብ፣ ከጸሎቱ በኋላ ዐሥር ዶላሯን ለጨረታ አቀረቧት። ጋሼ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ልመና አልፈልግም ብሎ ተቆጣ።

«ማን ለመነህ?» አሉት መጋቢው። «አንተ ሻጭ ነህ፣ እኛ ገዢ ነን። ዕቃህን አሳይ እንጂ።»

ሻጭ ሲባል የነጋዴ ደሙ ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ኮከቧን ወደ ካሜራው አስጠግቶ፣ ቢጫ ማኅተም የት ታገኛላችሁ እያለ ዋጋ ያስጨምር ነበር። ያሸነፉት እየከፈሉ መለሷት፣ እንደገና ተጫረቱባት፤ የባለ አንድ በር ፍሪጅ ዋጋ ሞላ። በመጨረሻ ያሸነፋት፣ ቤሪያ የሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው የኛው ሰው ሊወስዳት በራችን ድረስ መጣ። ሳኒታይዘር ፊትና ኋላዋን ነፋባት፣ በሱሪው ጠረጋት፣ ለኮሮና ተብላ የተሠራች ገንዘብ ናት ብሎ ኪሱ ከተታት።

በዓመቱ የቤሪያው ሰው ሱቅ ተቃጠለ። እሱም በተራው መዋጮ አልቀበልም አለ፤ መጋቢው ያችኑ ዐሥር ዶላር ለጨረታ አወጧት። ጋሼ ዛንድስፕሩት ሱቁ ውስጥ ፍሪጁን ተደግፎ ስልኩን ይዞ ነበር። ማንም አፉን ሳይከፍት ዋጋ ጠራ፤ የጠራውም የፍሪጁን ሙሉ ዋጋ ነበር።