ገኔን የጠራሁ ቀን

የሰው ጉዳይ ውስጥ ትገባለች ብላችሁ አትሙኝ፤ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ያለው አፓርትመንታችን ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉ ይሰማል። ጎረቤቴ ዘይነብ ከጅማ ያስመጣቻቸው እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ከተኙ፣ እህል ካልቀመሱ ሦስት ቀን ሆናቸው። ዶክተር መጥቶ ቼክ አድርጓቸው፣ «ካልበሉ አይተርፉም» ብሎ ሄደ።

«እማማ ብላቸው ዝም፣ እትዬ ብላቸው ዝም» አልኳት ዘይነብን። «አገር ቤት ማን ነበር የሚሏቸው?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ገኔ። እኛ ዘንድ የባላባት ሚስት በስሟ አትጠራም፤ አገሩ ሁሉ ገኔ ነው የሚላት። አሽከር ደግሞ ደፉን ሳይረግጥ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚጣራው። ደርግ ሲመጣ ግን ፈርተን ተውነው። እኔ ልጃቸው ነኝ፣ በማዕረግ መጥራት አላውቅበትም።»

«ኦኬ፣ እኔ እጠራቸዋለሁ። ወጉ የእናንተ፣ እኔ ክርስቲያን ብሆንስ፣ ሴትዮዋ ዓይናችን እያየ ይሙቱ?»

ዘይነብ ሾርባውን ይዛ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ፣ ጫማዬን እያየሁ፣ «ገኔ!» አልኩ።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ። ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ማንኪያውን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ። ደስ ብሎኝ እልል ልል ስል፣ በትከሻዬ አሻግረው ከኋላዬ አዩ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ቆጣ ብለው። «አንዳችሁ ብትጠሩኝ ይበቃል። ምን ሁለት ሆናችሁ ትጮኻላችሁ?»

ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። «ይቃዣሉ መሰለኝ» አልኳት ዘይነብን።

ዘይነብ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔም ሁለት ድምፅ ነው የሰማሁት» አለችኝ።