ጫካው ቀይ ሆኖ የታየበት ምስል

ጠሃ ከመካነ ሰላም በላይ ያለውን የጥድ ጫካ መጠበቅ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና መታፈስ ከጀመረ ወዲህ ግን ከዛፉ ሌላ የሚጠብቀው ነበረው። የእህቱ የሰብሪያ ልጅ ሙሐመድና ጓደኞቹ ጫካው ውስጥ ካለው ምንጭ በላይ ጎጆ ቀልሰው ተደብቀዋል። “ዛፉን አትላጡ፤ ይደርቅና ያሳብቅባችኋል” ብሏቸው ነበር። ብርዱ ሲጠና ግን ልጡን እየላጡ ጎጆአቸውን ከደኑበት።

በ1980 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የደን ባለሙያዋ የዓለምዘርፍ ከአዲስ አበባ መጣች። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋችው ምስል ከሳተላይት ተነሥቶ፣ ውጭ አገር በኮምፒዩተር ቀለሙ የተለወጠ ነው። ጫካው በሙሉ ደም መስሏል።

“የሚቀላው ጤነኛው ነው” አለች። “እየሞተ ያለው ግራጫ ሆኖ ይወጣል።”

ጣቷ ከምንጩ በላይ ባለች ትንሽ ግራጫ ነጥብ ላይ ቆመ።

ካድሬው ጓድ ቸኮል ጎንበስ አለ። “ይኼን ምን ነካው?”

“በሽታ ሊሆን ይችላል። ሰው ልጡን ከላጠውም እንዲሁ ይደርቃል።”

“እዚያ ድረስ ወጥቶ ልጥ የሚልጥ ማነው?” ቸኮል የጠየቀው ጠሃን ነበር።

“በሽታ ነው፣ ጓድ” አለ ጠሃ።

“እንግዲያው ነገ ታሳየናለህ።”

በማግስቱ ጠሃ የምንጩን መንገድ ትቶ በሌላኛው ሸንተረር መራቸው። የዓለምዘርፍ ምስሉን አየች፣ ቀና ብላ ተራራውን አየች፣ ከዚያም ጠሃን። መንገዱ ሌላ መሆኑ ገብቷታል። ሆኖም ምስሉን አጠፈችው፤ ጫፋቸው የደረቀ አሮጌ ጥዶች ዘንድ ሲደርሱም “ይኸው፣ በሽታ ነው” አለች።

ቸኮል ዛፎቹን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። “ምስሉ እኔ ዘንድ ይቆይ” አለና ከእጇ ወሰደው።

ጠሃ ያንኑ ዕለት ወደ ልጆቹ ሄዶ “ዛሬውኑ ከዚህ ውጡ” አላቸው። አንዱን ትኩሳት ይዞት መራመድ አቅቶት ነበርና “እሱ ይሻለውና እንሄዳለን” አሉት።

በገበያው ቀን ወታደሮች ጠሃን ሳይጠሩ በምንጩ መንገድ ወጡ። ተኩስ ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ልጆች እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ በገበያው መካከል አለፉ። ሙሐመድ አብሯቸው አልነበረም።

“አምልጦ ነው ወይስ እዚያው ቀርቶ?” አለች ሰብሪያ።

ጠሃ ሊፈልገው ሲወጣ ወታደሮቹ መንገዱን ዘግተው አገኛቸው። “ከእንግዲህ እዚህ ጥበቃ የለህም” አሉት። ከኋላቸው፣ ከጎጆው በኩል ጭስ ይወጣል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠሃ ወደ ከላላ፣ ወደ ሚስቱ ዘመዶች ሊሄድ ተነሣ። ሰብሪያን “አብረን እንሂድ” ቢላት እሺ አላለችም።

“ኢንሻአላህ የመጣ እንደሆነ፣ በሩን ማን ይከፍትለታል?” አለችው።