የቀሩት ዘጠኝ ፍሬዎች

አናጺውን ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ገጥሞ የጨረሰውን በር «የፀጉር ያህል ተዛንፏል» ብሎ መልሶ የሚነቅል ሰው ሌላ ምን ይባላል? አርባ ዓመት ሙሉ መጋዙን ማንም እንዲነካበት አልፈቀደም፤ የሌላ ሰው ሥራም አመስግኖ አያውቅም። ልብስ ሰፊ የሆነችውን ሚስቱን እንኳ የሠራችውን ስታሳየው «ደህና ነው» ይላታል፣ በቃ። እሷም ለምዳዋለች፤ መልመድ ግን መውደድ አይደለም።

ከወርክሾፑ ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ፣ ማንም ያልተከለው ሐምራዊ አበባ በየዓመቱ ይፈካ ነበር። በደረቁ ወራት ከላይ ይጠወልጋል፤ ዝናብ ሲመጣ ከዚያው ሥር እንደገና ይነሳል። ሚሊሜትር ሥራ ሲታክተው በጓሮ በር ወጥቶ የሚያየው እሱን ነበር። አንድ ቀን ለሕንፃ ሥራ ዶዘር መጣና ተዳፋቱን ጠርጎ ወሰደው። አናጺው አፈሩ ላይ እንደጎነበሰ ውሎ ሃያ ፍሬ ለቀመ። ያ አበባ በአካባቢው ሌላ ቦታ የለም፤ የቀረው እጁ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ችግኝ ሻጩ ፍሬዎቹን አይቶ ሳቀ። «ጋሽ ሚሊሜትር፣ ይሄ እኮ የዱር ነው። ከፍሬ አይበቅልም፤ አይልፉ።»

«ደጄ ላይ ሲያብብ ካላሳየሁህ መጋዜን እሰቅላለሁ!» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ፍሬዎቹን ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ቢዘፈዝፋቸው እንደ ጠጠር እንደደረቁ ቀሩ። ጠንካራው ቅርፊታቸው ካልሳሳ ውሃ አያስገቡም። «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አለና የብርጭቆ ወረቀቱን አነሳ። ሌላ ሰው ቢሆን ጫር ጫር አድርጎ ይተወው ነበር። ሚሊሜትር ግን መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ አሥራ አንዱን ፍሬ የሙሽራ ቁም ሣጥን ይመስል እስኪያብረቀርቁ ድረስ ፈተጋቸው። ተክሏቸው ሁለት ሳምንት ጠበቀ፤ አፈሩን ገለጥ ሲያደርግ ሁሉም በስብሰዋል።

ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሚስቱ ወርክሾፑ ድረስ መጣች።

«ስንት ቀረህ?»

«ዘጠኝ።»

«በል አምጣቸው።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ፍሬ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስፌት መፍታት አውቃለሁ። ስፌት ስፈታ ክሩን ነው የምነካው፣ ጨርቁን አይደለም። አንተ እኮ ጨርቁን ነው የጨረስከው!»

ቆሽቱ አረረ። ግን እነዚህም ከጠፉ አበባው አበቃለት። የሥራ ጠረጴዛውን ለቀቀላት። መነጽሯን አድርጋ፣ ስፌት በምትፈታበት ምላጭ እያንዳንዱን ፍሬ ጫፉ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አደረገችው። እሱ ከእጇ እንዳይነጥቃት እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር።

ስድስቱ በቀሉ። ደጁ ላይ ተተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል እንጂ አበባ አልታየም፤ ሥር እየሰደዱ ነበር። ደረቁ ወቅት ሲመጣ ጭራሽ ከላይ ደርቀው አመድ መሰሉ።

«ጋሽ ሚሊሜትር፣ መጋዙ የሚሰቀለው መቼ ነው?» ይላል ችግኝ ሻጩ ባለፈ ቁጥር።

ሚሊሜትር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጠዋት ጠዋት ግን ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ይዳብስ ነበር። ፈርቷል፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ዝናቡ በገባ በሳምንቱ ከደረቁት ግንዶች ሥር አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ። ስድስቱም ተነሱ። ወር ተኩል ሳይሞላ ደጁ ሐምራዊ ሆነና መንገደኛው ሁሉ ይቆም ጀመር። ችግኝ ሻጩም መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አበባዎቹን አንድ በአንድ አየ።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ።

ሚሊሜትር አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ዝም ብሎ ምርቃቱን ቢቀበል ማን ያውቅበታል? እሱ ግን ወደ ቤት ዞሮ ሚስቱን ጠራት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች።

«እጁ የሷ ነው» አለ አፉን ሞልቶ። «እኔማ አሥራ አንዱን የገደልኩ ሰው ነኝ።»

ሰዉ ሳቀ። ሚስቱ አበባውን አየችና ወደ እሱ ዞረች።

«ደህና ነው?» አለችው።

«ምን ደህና ነው ብቻ!» አለ ሚሊሜትር። «አርባ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»