ከሴቻ እንደ ሞላ የተመለሰው ባልዲ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ ከከተማችን መሥሪያ ቤቶች የአንዱ ሠራተኞች ውሾችን ለመግደል የተመረዘ ሥጋ በባልዲ ይዘው ሴቻ ሰፈር ወደሚገኘው የጎረቤቴ ግቢ መጡ። በግቢው የሚኖሩት ውሾች ሁሉ የተከተቡ መሆናቸው ለመሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። በደሉ ይህ ነው፤ ቀሪው ማብራሪያ ነው።

ጎረቤቴ በጋሞ የኦቾሎ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ከጫኖ ሙዝ እየጫኑ ወደ አዲስ አበባ በመላክ ያፈሩትን ሀብት፣ ከቤታችን በታች ጎርፍ የበላውን ተዳፋት በአገር በቀል ዛፍ ለማልበስ፣ ጌቶቻቸው ከጋሪ ፈትተው ሜዳ ላይ የጣሏቸውን አህዮች ለማሳከም፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማስከተብ አዋሉት። የተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ የዱንጉዛ ጨርቅ ቁራጭ ይታሰርለታል፤ የጋሞ ሸማኔ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ከሩቅ ይለያል። ሰፈሩ «የውሻ ሚኒስትር» ይላቸዋል። «ሚኒስትርማ ይሻራል፤ እኔን ማን ይሽረኛል?» ብለው ይመልሳሉ።

እኔ በጎ አድራጊ የተባለን ሁሉ የምታደንቅ ሴት አይደለሁም። ከሰሜን መጥቼ በዩኒቨርሲቲ ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ ካሜራ ፊት ችግኝ የሚተክሉ ብዙ የተከበሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ በበጋ ውኃ ሊያጠጣ የተመለሰ ግን ከእኚህ ሰው በቀር አላየሁም። ስለዚህ አምናቸዋለሁ። ከውሾቻቸው አንዷ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋው፣ ቀኑን የምትውለው በእኔ ደጅ ነበር። የእኔ ናት ብዬ አላውቅም።

የዚያን ዕለት ጩኸት ሰምቼ ስወጣ፣ የመጀመሪያው ቁራጭ ሥጋ በአጥሩ ላይ ተወርውሮ ወደ ግቢው ገብቶ ነበር። አንድ ዓይናዋ ደጄ ላይ አልነበረችም።

ሽማግሌው ከተዳፋቱ እርጥብ ሣር ነጭተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና በራቸው ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ የተቆጣ ይበርዳል፤ ያንን ሣር ተሻግሮ የሚያልፍ የለም። ባልዲውን የያዙት ሁለቱ ሠራተኞች የአገሩ ተወላጆች ስለነበሩ ወዲያው መሬት አስቀመጡት። አለቃቸው ግን እንደ እኔ ከሰሜን የመጣ ነው።

«ጋሼ፣ ከብትዎን በኋላ ያበላሉ፤ መንገዱን ይልቀቁልን» አለ።

«ለከብት አይደለም፣ አለቃ» አለ ከሠራተኞቹ አንዱ።

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለእኛ ነው።»

«እናንተ ደግሞ ሣር መብላት የጀመራችሁት መቼ ነው?»

«አንበላውም። አንሻገረውም።»

አለቃው ወደ እኔ ዞረ። «ዶክተር፣ እባክዎ እርስዎ እንኳ ያስረዷቸው።»

«የማስረዳው የለኝም» አልኩ። «ከፈለጉ እርስዎ ይሻገሩት፤ እኔ ቆሜ አያለሁ።»

ሠራተኞቹን አየ፤ ሣሩን አየ፤ አልተሻገረም። ባልዲው እንደ ሞላ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሽማግሌው ከተንበረከኩበት ሳይነሡ፣ «ሥጋውን የት ትደፉታላችሁ? አሞራ ይበላዋል፤ ዝናብም ከተማው ወደሚጠጣቸው ምንጮች ያወርደዋል» ብለው ጠየቁ። መኪናው ተነሥቶ ሄደ።

ከዚያ ፍለጋ ገባን። የተወረወረው ቁራጭ ከአጥሩ ሥር ሳይነካ ተገኘ፤ ጎረቤቴ በአካፋ አነሡት። አንድ ዓይናዋን ያገኘኋት በአህዮቹ ጋጥ፣ ከግርግሙ ሥር ተሸጉጣ ነው። ስጠራት ጭራዋ ብቻ ተንቀሳቀሰ። አጠገቧ ፋንድያው ላይ ተቀመጥኩ።

«በልታለች እንዴ?» ብለው ከውጭ ጮኹ።

«አልበላችም። ደኅና ናት።»

መጥተው እንደ ተቀመጥኩ አዩኝ። «እንግዲያስ ውሻዋ የእርስዎ ናት» አሉ። «እኔ ውሻ ፍለጋ ፋንድያ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

አቅፌ ወደ ቤቴ ወሰድኳት።

ይህን የምጽፈው እርሷ እግሬ ሥር ተኝታ ነው። እፎይ ማለቴን አልደብቅም። የሽማግሌው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ እርሳቸውም በተዳፋቱ ላይ አሞራ ሲያንዣብብ ባዩ ቁጥር ሥጋው እዚያ ተደፍቶ እንደ ሆነ ለማየት ሥራቸውን ትተው ይወርዳሉ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይህን ካነበቡ፣ ይቅርታቸውን አልሻም። አንድ መልስ ብቻ እፈልጋለሁ፤ ከሴቻ እንደ ሞላ የተመለሰው ባልዲ የት ተደፋ? ቦታውን ይንገሩን።